የማራችን የጤና ሰርተፊኬት በኦንላይን፦ ከኮምቦልቻ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29፣ 2018

ዛሬ በይፋ ጀመርን። ኮምቦልቻ ውስጥ ማር ተቀብለን አጥልለን በርሜል የምንሞላባት ትንሽ ማቀነባበሪያ አለችን፣ የመሰረቷት ጋሼ ናቸው፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ እኔ ደግሞ ሂሳቡንና ኮምፒውተሩን ይዣለሁ። እስከ አምና ድረስ ማራችን በጀሪካን ተጭኖ አዲስ አበባ ይሄድና ጠጅ ይሆናል፣ የአምባሰል ይሁን የወረባቦ የሚጠይቅ የለም፣ ሁሉም አንድ ጋን ውስጥ ይገለበጣል። ዘንድሮ ግን ጀርመን ካለ ገዢ ጋር ተፈራርመናል፣ 60 በርሜል፣ አንዱ በርሜል 290 ኪሎ፣ ጠቅላላ 17,400 ኪሎ በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር።

ማር የእንስሳት ተዋጽኦ ነው ስል ብዙ ሰው ይገረማል፣ ግን ነው፣ ንብ እንስሳ ናት፣ ስለዚህ ማር ወደ ውጭ ሲወጣ እንደ ስጋው ሁሉ የጤና ሰርተፊኬት ይጠየቃል፣ የሚፈርመውም የመንግስት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ህብረት ማር መላክ ከሚችሉት አገሮች ዝርዝር የገባችው በ2008 ነው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ያን ያህል ዓመት በሩ ክፍት ነበር፣ እኛ ነን ያልሄድንበት። አሁን ደግሞ አገሩ ብቻ ሳይሆን ማቀነባበሪያውም በስሙ ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት፣ ከኅዳር 2017 ወዲህ ማለት ነው። የእኛዋ ምዝገባ ባለፈው ዓመት አልቋል፣ ግድግዳው ሴራሚክ ሆነ፣ መስኮቱ ወንፊት ተገጠመለት፣ የውሃ ምርመራው ተሰራ፣ እሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ፣ አሁን የማወራው ስለ ማመልከቻው ብቻ ነው።

ይሄን ማስታወሻ የምይዘው ከኛ በኋላ ከወሎ ማር፣ ቆዳ፣ ምንም ይሁን ምን መላክ የሚፈልግ ልጅ ይመጣል ብዬ ነው፣ እኛ የምንጠይቀው ሰው ስላልነበረን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ማመልከቻው በሲንግል ዊንዶው ነው፣ የወጪና ገቢ ንግድ ፈቃዶች በአንድ ዌብሳይት በሚጠየቁበት በነጠላ መስኮት ሲስተሙ፣ ከ2012 ጀምሮ የሚሰራው። በድርጅቱ ቲን ነምበር አካውንት ይከፈታል፣ የላኪነት ንግድ ፈቃድ ይያያዛል፣ ከዛ ወይ ራስህ ትሞላለህ ወይ ለትራንዚተርህ (የጉምሩክ ጉዳይ ለሚያስፈጽምልህ ሰው) ውክልና ትሰጣለህ። ትራንዚተራችን ጎበዝ ልጅ ነው፣ "ስጪኝ እኔ በአንድ ማታ ጨርሼ እልከዋለሁ" አለኝ፣ እኔ ግን እምቢ አልኩት። የጉምሩኩን ዲክላራሲዮን እሱ ይስራው፣ የጤናውን ግን ማሩን የሚያውቅ ሰው ካልሞላው ሌላ ቦታ የሞላውን ኮፒ አድርጎ ነው የሚለጥፈው፣ እንደዛ ሲደረግ አይቻለሁ።

የታሪፍ ቁጥሩ 0409.00 ነው፣ የተፈጥሮ ማር። ሰም ከሆነ ሌላ ነው፣ 1521.90፣ ሰፈፍ አቅልጣችሁ ሰም የምትልኩ ልጆች እዚህ ጋ እንዳትሳሳቱ፣ ቁጥሩ ሲቀየር የሚጠየቀው ሰነድም አብሮ ይቀየራል።

ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ራውተሩም አብሮ ጠፋ፣ የሞላሁት ሁሉ ጠፋ። ከዛ ወዲህ ሁሉንም መጀመሪያ ዎርድ ላይ እጽፍና ነው ፎርሙ ላይ የምለጥፈው፣ እያንዳንዱ ገጽ ካለቀ በኋላ ሴቭ። ሰነዶቹን በስልክ ነው ስካን ያደረግኩት፣ በቀለም ሲሆን ፋይሉ ይከብዳል፣ በጥቁርና ነጭ አድርጉት፣ ማህተሙ ግን መነበቡን አጉልታችሁ እዩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬ ሙሉ ቀን የሄደው አንድ ፊደል ላይ ነው። ኮምቦልቻ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በኬ ነው በሲ? ንግድ ፈቃዳችን ላይ በኬ፣ የቲን ሰርተፊኬቱ ላይ በሲ፣ ኮንትራቱ ላይ ደግሞ በኬ ይጀምርና መሃል ላይ ኦ መሆን ያለበት ዩ ሆኗል። የጋሼ ስም ራሱ ሁለት ሰነድ ላይ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ላይ ኤም ድርብ፣ አንዱ ላይ ነጠላ። እኛ በአማርኛ ስናነበው ሁሉም አንድ ነው፣ ሃምቡርግ ወደብ ላይ ለሚያየው ሰው ግን ሦስት የተለያየ ድርጅት ነው፣ ሰነድ ከሰነድ ጋር ሲያመሳክር አይገጥምለትም፣ ኮንቴነሩን የሚያቆመው ደግሞ እሱ ነው።

ጋሼ "ልጄ በዚህች ፊደል ማር ይመልሳሉ?" አሉኝ። ይመልሳሉ አልኳቸው፣ ሰውየው እኮ እኛን አያውቀንም፣ የሚያውቀን በወረቀቱ ብቻ ነው። ትንሽ ዝም አሉና "እሺ፣ ወረቀቱ እኛን ይምሰል እንግዲያ" አሉ።

ውሳኔያችን፦ ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው አጻጻፍ ንጉስ ነው፣ ሁሉም ወደሱ ይስተካከላል። (በኋላ የጨመርኩት፦ ገዢው ኮንትራቱን አስተካክሎ በማግስቱ ላከ፣ የሀገር ውስጡ ሰነድ አራት ቀን ፈጀ።) ለሚጀምር ሰው የምመክረው አንድ ወረቀት ላይ የድርጅቱን ስም፣ የከተማውን ስም፣ የባለቤቱን ስም በእንግሊዝኛ አንድ ጊዜ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው፣ ሁልጊዜ ከዛ ላይ እየተገለበጠ ይጻፍ፣ በቃል አይሁን።

አርብ፣ ኅዳር 12

ፎርሙ ትክክለኛው ጥያቄ ላይ ደረሰ። የባች (አብሮ የተሞላ ማር ምድብ) ቁጥር፣ የበርሜል ብዛት፣ የምርት ቀን፣ ማሩ የተሰበሰበበት ቦታ፣ የተደረገለት ነገር (ተጣርቷል፣ ሞቋል፣ አልሞቀም)። ቀላል ይመስላል፣ የመቀበያ መዝገባችንን አውጥቼ ሳይ ግን ደነገጥኩ። መዝገቡ ላይ ያለው ይሄ ነው፦ "አምባሰል፣ 3 ጀሪካን፣ 78 ኪሎ፣ ተከፍሏል።" በቃ። የየትኛው ቀበሌ ነው፣ መቼ ተቆረጠ፣ ከባህላዊ ቀፎ ነው ከዘመናዊ፣ ምንም የለም። ለ20 ዓመት የተያዘ መዝገብ የሚያውቀው ብርና ኪሎ ብቻ ነው።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰዎች ኦንላይን ማመልከት ከባድ ነው ሲሉ ዌብሳይቱን ነው የሚያማርሩት፣ እኔም ሰኞ ዕለት አማርሬ ነበር፣ ግን ዌብሳይቱ የሚጠይቀው እኛ ድሮም ማወቅ የነበረብንን ነው። አንድ ባህላዊ ቀፎ በዓመት የሚሰጠው ከ5 እስከ 8 ኪሎ ቢሆን ነው፣ ስለዚህ አንድ በርሜላችን ውስጥ ወደ 50 የሚጠጋ ቀፎ አለ፣ የ50 ቀፎ ድካም ማለት ነው፣ ገደል የወረደ ሰው፣ ሌሊት ጭስ ይዞ የቆረጠ ሰው፣ እኛ ግን "3 ጀሪካን" ብለን ጽፈነዋል።

ሚዛን ላይ የምትቀበለው እትዬ ናት፣ ከጋሼ ጋር 15 ዓመት ሰርታለች። መጋዘን ወስጄ ባዶ ጀሪካኖቹ ፊት ቁጭ አደረግኳትና ካርኒውን ይዤ አንድ በአንድ ጠየቅኳት። ምን እንደምትል ብትሰሙ! "ይቺ ቢጫዋ፣ ክዳኗ በላስቲክ የታሰረችው የቢስቲማዎቹ ናት፣ እነሱ ሁሌ እንዲህ ነው የሚያስሩት። ያቺ እጀታዋ የተሰበረው የሐይቆቹ፣ አባትየው ራሳቸው ነው በባጃጅ ያመጧት፣ ዝናብ የጣለ ቀን፣ ክፍያም በማግስቱ ነው የወሰዱት።" ካርኒውን ሳገላብጥ እውነትም ክፍያው በማግስቱ ነው። እንደዛ እያልን እስከ ምሽት 1 ሰዓት ሰራን፣ እሷ ታስታውሳለች፣ እኔ ከካርኒው አመሳክራለሁ፣ ከዛ ስልክ እንደውላለን። ካርኒና ስልክ ያላረጋገጡትን አልጻፍንም። መነሻው ያልታወቀ 340 ኪሎ ተገኘ፣ ጥሩ ማር ነው፣ ግን አናውቀውም፣ ጋሼ "ለጠጅ ቤት ይሸጥ" ብለው ከሚላከው ማር አስወጡት። ዋጋው ልዩነት አለው፣ ቢሆንም ትክክል ናቸው።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ትናንትና ዛሬ አምባሰል ነበርን፣ ከጋሼ ጋር፣ ሐረጎን ወጥተን ደሴ ቁርስ በልተን በሐይቅ በኩል። የሄድነው የተቆረጠበትን ቀን ለማረጋገጥና አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ነው፣ ለንቡ የሰጣችሁት ነገር አለ ወይ? ምክንያቱም አውሮፓ ማር ውስጥ የአንቲባዮቲክ ቅሪት ይፈለጋል፣ ክሎራምፌኒኮል፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ቴትራሳይክሊን፣ የጸረ ተባይ ቅሪትም እንደዛው።

አንድ አባባ፣ ዕድሜያቸው ሰባ ይሆናል፣ ጥያቄውን ደግሜ እስክጠይቃቸው አዩኝና "ንብ መድኃኒቷ ራሷ ጋ ነው ልጄ" አሉኝ። ከዛ ግን ራሳቸው ቀጠሉ፣ እኔ ያልጠየቅኩትን፦ "ለንቡ የምንሰጠው የለም፣ ከታች ማሳው ላይ ግን ጤፉን መድኃኒት የረጩ ጊዜ ንቤ በር ላይ ረግፋ አገኘኋት፣ ነሐሴ ላይ ነው፣ ከሁለቱ ቀፎ ዘንድሮ አልቆረጥኩም።" ይሄን ማስታወሻዬ ላይ ስጽፍ እጄ ከበደኝ። ፎርሙ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ሳጥን የለም፣ የምርመራውን ናሙና ግን ከየት ከየት መውሰድ እንዳለብን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

የቆረጣውን ቀን ሁሉም ሰው የሚናገረው በበዓል ነው። "ለመስቀል ማግስት"፣ "ከገብርኤል በፊት ባለው ሐሙስ"። እሱን ቀን አድርጌ ጻፍኩት። ቀፎዎቹንም ፎቶ አነሳን፣ ከየቤቱ ቡና ሳንጠጣ አልወጣንም፣ ሦስተኛውን ሳንጨርስ ተነስተን የተቆጡን ቤት አለ።

አርብ፣ ኅዳር 19

ናሙና ተላከ፣ ከእያንዳንዱ ባች፣ 10 ባች ነው፣ አንዱ ባች 6 በርሜል። የራሳችንን ልኬት ቀድመን ሰርተናል፣ በሪፍራክቶሜትር (ማር ውስጥ ያለውን ውሃ በሚለካው)፣ ውሃው ከ20 ፐርሰንት እንዳይበልጥ። ሲቀበሉ ያልደረሰ ማር (ንቧ ያላሸገችው የማር እንጀራ ያለበት) ካለ ውሃው ይበዛል፣ ይቦካል፣ እሱን እትዬ ገና በር ላይ ነው የምትመልሰው፣ ጣቷን አስነክታ።

አርብ፣ ታኅሣሥ 3

ውጤት መጣ። አንቲባዮቲክ የለም፣ የጸረ ተባይ ቅሪት ከተፈቀደው በታች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ጋሼ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

ባች 7 ግን ወደቀ። ኤችኤምኤፍ 46። ይሄ ነገር ማር ሲሞቅ ወይ ሲያረጅ የሚጨምር ነው፣ የአውሮፓ ህብረት ህግ 40 ሚሊግራም በኪሎ ይላል፣ ከሞቃታማ አገር ለሚመጣ ማር 80 ይፈቅዳል፣ ኮንትራታችን ላይ ግን የፈረምነው 40 ብለን ነው፣ ስለዚህ ወጥቷል። ከየት መጣ? ባች 7 ደሴ መጋዘን ቆይቶ የመጣው ነው። ደሴ ብርድ ነው፣ ማሩ እዛ ይረጋል፣ በርሜል ለመሙላት ሲቸገሩ ልጆቹ ጀሪካኑን የፈላ ውሃ በርሜል ውስጥ ከተው አሳድረውታል። ማንንም አልወቀስኩም፣ የሙቀት መጠን የነገራቸው የለም። ኮምቦልቻ ከደሴ ስለምትሞቅ ጸሐይ ያለበት ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን ብናቆየው ራሱ ይፈታ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ቴርሞሜትር ያልተከተተበት ውሃ ውስጥ ጀሪካን አይገባም፣ ከ40 ዲግሪም አያልፍም፣ አማርኛ ጽፌ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

6 በርሜል ወጣ፣ 54 ቀረ፣ 15,660 ኪሎ የተጣራ። ኢንቮይሱን፣ ፓኪንግ ሊስቱን፣ ሁሉንም እንደ አዲስ። ለገዢው ውጤቱን ሳልደብቅ ላክሁለት፣ ደህና መልስ ሰጠ፣ 54ቱን እቀበላለሁ ብሏል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ማመልከቻው ገባ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው ሰብሚት ያደረግኩት፣ ኔትወርኩ ያን ሰዓት ይሻላል። ከመላኬ በፊት ጋሼን ቀስቅሼ አጠገቤ አስቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ ኪሎ በኪሎ፣ ባች በባች፣ እሳቸው መዝገቡን ይዘው ይከተሉኛል። ይሄን ዘዴ ለማንም እመክራለሁ፣ ዓይን የዘለለውን ጆሮ ይይዘዋል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ተመለሰ። "የምርት ቀን ይስተካከል" ይላል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጆሮም አልያዘውም። ባች 3 ላይ ጥቅምት 8 ቀን 2018ን ሳልቀይር 08/02/2018 ብዬ አስገብቼዋለሁ፣ ሲስተሙ እንደ ፈረንጅ አንብቦ ፌብሩዋሪ 8፣ 2018 አድርጎታል፣ ማለትም ከሁለት ወር በፊት የተሞላ ማር ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋው ማር ሆነ። ሌሎቹን ቀይሬያለሁ፣ እሱን ዘልዬዋለሁ። ትክክለኛው ኦክቶበር 18፣ 2025 ነው። የገመገመው ባለሙያ ደውሎ ነው የነገረኝ፣ በትህትና፣ "ሌላውም ላይ ተጠንቀቂ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው" ብሎ። ስሙን አልጠራም ግን እግዜር ይስጠው።

ሰዓትም እንደዛው፣ "3 ሰዓት ይነሳል" የምንለው ፎርሙ ላይ 09:00 ነው። ኤክሴል ላይ ሁለት ኮለም አደረግኩ፣ በኛና በነሱ፣ በርሜሉ ላይ የሚለጠፈውም ሁለቱንም ይዞ እንዲታተም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ማመልከቻው ተስተካክሎ አልፏል፣ አሁን ያለው የአካል ምርመራና ጭነት ነው። አንዳንድ ሰው "ኦንላይን ካመለከታችሁ መርማሪ ምን ያደርጋል?" ይለኛል። ሲስተሙ ወረቀቱን ነው የሚያጓጉዘው፣ ማሩን አይቀምሰውም። የሚፈርመው ሰው በስሙ ነው የሚፈርመው፣ ያላየውን እንዲፈርም መለመን ነውር ነው።

ዛሬ ኮንቴነሩ መጣ። ጋሼ አንድ ጫኝ ይዘው ገቡና በሩን ከውጭ አስዘጉት። ጨለማ ውስጥ ሆነው ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ይፈልጋሉ፣ ብርሃን የገባበት ውሃም ይገባበታል። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆዩ። ሲወጡ ቀዳዳ የለውም አሉ፣ ግን ፊታቸው ጠቁሯል፣ "ግቢና አሽትቺ" አሉኝ። ገባሁ። ወለሉ ጣውላ ነው፣ ተንበርክኬ አፍንጫዬን ሳስጠጋ የሆነ የሚያቃጥል ሽታ፣ እንደ ኬሚካል፣ ጣውላው መሃል ነጭ ዱቄት ገብቷል። በርሜሉ የታሸገ ቢሆንም ማር ሽታ ይስባል፣ ቀይ ባህር ላይ ያ ሁሉ ሙቀት አለ። አቅራቢው ታጥቧል ብሎ ተከራከረን፣ መርማሪው መጣና አንድ ጊዜ አሽትቶ "አይሆንም" አለ። አለቀ።

ችግሩ ማመልከቻው ላይ የኮንቴነር ቁጥር አስገብተናል። ኮንቴነሩ ሲቀየር ቁጥሩ ይቀየራል፣ ማስተካከያ ይጠየቃል። ሁለት ቀን ይሄድብናል፣ የመኪናም ተጨማሪ እንከፍላለን። ብንጭነው ግን የሚሄደው ሁለት ዓመት የተለፋበት ስም ነበር።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

ሁለተኛው ኮንቴነር ንጹህ ነው፣ ቀደም ብሎ ምን ጭኖ እንደነበርም በጽሁፍ አስመጣን። ጭነት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ተጀመረ። መርማሪው የበርሜል ቁጥር እየጠራ እኔ እደግማለሁ፣ የፈለገውን ያስከፍታል፣ 11፣ 29፣ 44ን አስከፈተ፣ ባች ቁጥሩን ከሊስቱ ጋር አየ፣ ቀመሰም። 44 ስትከፈት የአደይ ሽታ ግቢውን ሞላው፣ ጫኞቹ ሁሉ ዞር አሉ። ጠቅላላ ክብደት 16,632 ኪሎ፣ ባዶ በርሜሉ 18 ኪሎ ስለሆነ ሂሳቡ ገጠመ።

አሁን ሥርዓቱን ልብ በሉ፣ እኔ እዚህ ጋ በጣም ተጨንቄ ነበር፦ ሰርተፊኬቱ ላይ የማሸጊያው (የሲሉ) ቁጥር ይጻፋል፣ ሲሉ የሚገባው ጭነት ሲያልቅ ነው፣ ሰርተፊኬቱ ደግሞ ጭነቱ ከመነሳቱ በፊት መፈረም አለበት። ስለዚህ መሃል ላይ ያለችው ሰዓት ጠባብ ናት፣ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል፣ ፈራሚውም ኮምፒውተሩ ላይ መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ። የሲሉን ቁጥር በአፍ አትቀበሉ፣ ፎቶ አንሱት፣ እኛ ላይ መጨረሻው ዜሮ ነው ወይስ ኦ ፊደል ብለን ፎቶውን አጉልተን ነው የለየነው፣ ዜሮ ነው።

የማጓጓዣው ሙቀት የሚለው ላይ ሦስት ምርጫ አለ፣ የአካባቢ ሙቀት፣ የቀዘቀዘ፣ በረዶ የሆነ። ማር የአካባቢ ሙቀት ነው። የማይመለከተን ዓረፍተ ነገር በሙሉ ይሰረዛል፣ ሳይሰረዝ የቀረ አንድ መስመር ካለ ያላደረግነውን አድርገናል ብሎ እንደመመስከር ነው። ሃምቡርግ ስለሚገባ ሰርተፊኬቱ ጀርመንኛም ይዟል።

አርብ፣ ታኅሣሥ 17

ተፈረመ። ጠዋት 4 ሰዓት ከ20። ኮፒውን ለገዢው ላክሁ፣ እሱ ደግሞ በነሱ ሲስተም፣ ትሬሰስ በሚሉት፣ የመግቢያ ማሳወቂያውን ይሞላል፣ መርከቡ ከመድረሱ ቢያንስ አንድ የሥራ ቀን በፊት መግባት አለበት።

መኪናው ተነሳ፣ በባቲ ወርዶ ሚሌ፣ ከዛ ጋላፊ፣ ከዛ ጅቡቲ። ጋሼ በር ላይ ቆመው ዱዓ አደረጉ፣ እትዬ ደግሞ ዕጣን አጨሰች፣ እኔ የሲሉን ፎቶ እንደገና አየሁት። ከዛ ሁላችንም ቢሮ ገብተን ቁርስ በላን፣ እስከዛ ሰዓት ማንም አልበላም ነበር።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

ጅቡቲ ደርሷል፣ ሲሉ እንዳለ ነው።

ከሰዓት በኋላ አምባሰል ያሉት አባባ በልጃቸው ስልክ ደወሉ፣ "ማሬስ ሄደች?" አሉኝ። ኤክሴሉን ከፈትኩ፣ ስማቸውን ስጽፍ ወጣ፣ "የአንቱ ማር ባች 8 ነው፣ በርሜል 43 እና 44 ላይ፣ 44ን መርማሪው ከፍቶ ቀምሷታል" አልኳቸው። ለትንሽ ጊዜ ድምጻቸው ጠፋ፣ ከዛ "ምን አለ?" ብለው ጠየቁኝ። "ምንም አላለም አባባ፣ ሁለተኛ ማንኪያ ጠየቀ" አልኳቸው።

አዲሱ የመቀበያ መዝገብ ዛሬ ከማተሚያ ቤት መጣ። ስም፣ ቀበሌ፣ የቀፎ ዓይነት፣ የቆረጣ ቀን በኛና በነሱ፣ የተረጨ ማሳ በአቅራቢያው አለ ወይ፣ ኪሎ፣ ብር በመጨረሻ። እትዬ ኮለሙ ጠቦኛል ብላለች፣ ስለ ጀሪካኑ የሚጻፍበት ትፈልጋለች፣ የሚቀጥለው ላይ እናስገባዋለን። ነገ ባች 7ን አውጥተን ጠጅ ቤት እናደርሳለን፣ ከነገ ወዲያ ወረባቦ።